ወርቅ ናት ተብዬ

ዛሬ አጎቴ ከገጠር አንዲት ድንጋይ በመሀረብ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ቢጫ ናት፣ ታብረቀርቃለች። «ወርቅ ናት፣ ለማንም እንዳትነግር» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔም ልቤ ዘለለ። (ለአምስት ደቂቃ ያህል ቦሌ ላይ ቤት ገዝቼ ነበር።)

ግን ድንጋይ መልቀም ከጀመርኩ ወዲህ የተማርኳት ዘዴ አለች። የተረፈ የወለል ሴራሚክ ፈልጌ ሻካራው ጀርባው ላይ ፈተግኳት። ወርቅ ቢጫ መስመር ነው የሚተወው። የእኛዋ ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር አሰመረች። ፓይራይት! ብረትና ድኝ ማለት ነው። በመዶሻም ሞከርኳት። ወርቅ ሲመቱት ይለጠጣል፤ ይቺ ብትንትን አለች።

አጎቴ ሴራሚኩን ገልበጥ አድርገው አዩትና «ይሄ ዕቃህ ነው የተበላሸው» አሉኝ። ስብርባሪዋን አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው መልሰው በመሀረባቸው ቋጠሩ።