ጣሪያው ሙሉ ሶላር፣ አዳራሹ ግን ጨለማ

ላስ ቬጋስ ነው የምሠራው፤ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ከተማዋ በሶላር ስሟ የሚነሳ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ላይ እንደ ዛፍ የቆሙ ፓነሎች አሉ። በ2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው) አስተዳደሩ የራሱ ሕንፃዎችም የመንገድ መብራቶቹም ሙሉ በሙሉ በታዳሽ ኃይል እንደሚሠሩ አስታውቋል።

ሐምሌ ላይ ነው። ጣሪያው በፓነል የተሸፈነ አንድ የሕዝብ አዳራሽ ውስጥ ሥራ ላይ ነበርን፣ ብዙ አዛውንቶች ሙቀቱን ሸሽተው ተቀምጠዋል። አቧራ የቀላቀለ ንፋስ ተነሳና ሰፈሩ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ጣለ። መብራት ድርግም አለ፣ ኤሲውም ቆመ። ንፋሱ ብዙም ሳይቆይ አለፈና ፀሐይዋ እንደገና አናት ትበሳ ጀመር።

አንድ ያገሬ ሰው፣ አባት ናቸው፣ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ ፀሐይዋ ይኸው ወጥታለች፣ ጣሪያው ላይም ሶላር አለ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው የጠፋው?»

ይዣቸው ኢንቨርተሩ ጋ ሄድኩ፤ የፓነሉን ኃይል ሕንፃው ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ነው። ቀይ መብራት በርቷል፣ ስክሪኑ መስመር የለም ይላል። አልተበላሸም። እንዲህ ዓይነቱ ኢንቨርተር የከተማውን መስመር ተከትሎ ነው የሚሠራው፤ መስመሩ ሲሄድ በ2 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ሆን ተብሎ ነው። ባይጠፋ ኖሮ የጣሪያው ኃይል በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ይሄድና፣ ቮልቴጁ ወደ ሺዎች ወጥቶ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ ገመድ የሚቀጥለውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል።

አንድ ልጅ «ጄኔሬተር እናምጣና ኢንቨርተሩን መስመር አለ ብለን እናታልለው» አለ። አለቃችን መልስ እንኳ አልሰጠውም። ዋናውን ብሬከር አወረደ፣ ጓንጉል ቁልፍ ቆለፈበት፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አዛውንቶቹን በአውቶቡስ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው።

እኔን ያንገበገበኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 እዚህ ከተማ 120 ፋራናይት ተመዝግቧል፣ ወደ 49 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሰው የሚጠለልበት ሕንፃ ጣሪያው ላይ ያን ሁሉ ኃይል ተሸክሞ መጨለም የለበትም። የሚጎድለው ባትሪና ሕንፃውን ከከተማው መስመር የሚለይ ስዊች ነው። ሕንፃውን በሙሉ ይሸከም አላልኩም፣ የአንዱን አዳራሽ ኤሲና መብራት ከያዘ ብዙ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሰዎቹ የሚመጡት ለዚያ ሰዓት ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለቢሮ ወይም ለትምህርት ቤት ሶላር ልታስገቡ ያሰባችሁ ደግሞ ስንት ኪሎዋት ነው ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ በሉት ሻጩን። አዎ ካለ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ሳትከፍሉ በፊት ዋናውን ብሬከር እፊታችሁ አውርዶ ያሳያችሁ።