የእናቴ ቆሎ ማቅረቢያ

ሻንጣዬ ሲከፈት ከጫማውና ከሽቶው ሥር ሰባት የፕላስቲክ ዲስኮች ወጡ። እናቴ ብርቱካናማውን አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄ የምን ክዳን ነው?»

«ክዳን አይደለም እማዬ፤ መጫወቻ ነው።»

አላመነችኝም። አርባውን የተሻገረ ሰው መጫወቻ ይዞ ውቅያኖስ ያቋርጣል ብሎ ማንስ ያምናል? ከሰዓት ቡና ሲፈላ ቆሎው በሱ ቀረበ። ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ተገልብጦ ሲቀመጥ አንዲት ፍሬ አያፈስም። ስንት ዓመት ስወረውረው ይሄን ጥቅሙን አላወቅኩም ነበር።

ዲስክ ጎልፍ ማለት ዱላና ኳስ የሌለው ጎልፍ ነው። ፍሪዝቢ ከሚባለው የሚወረወር የፕላስቲክ ሳሕን ጠበብ፣ ጠርዙም ሾል ያለ ዲስክ ትወረውራላችሁ። በጉድጓዱ ፋንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ። ብዙ ጊዜ 18 ቅርጫት ነው፤ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አብዛኛው ሜዳ የሕዝብ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ወጪው ቀላል ነው። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የሳበኝም እሱ ነው።

የጀመርኩት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ምድር ቤት ነው፤ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም። አብሮኝ የሚሠራ የጎንደር ልጅ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ና እስቲ አየር እንቀበል» ብሎ ጌተርስበርግ ወዳለው ሴኔካ ክሪክ ፓርክ ወሰደኝ። ጫካ፣ ዳገት፣ ቁልቁለት። እኔ ማማ ላይ ቆሜ በወንጭፍ ከገብስ ላይ ወፍ ሳባርር ያደግኩ ሰው ነኝ። ውርወራ ሊያስተምረኝ ነው እንዴ ብዬ በሆዴ ናቅኩት።

የመጀመሪያውን ባለ በሌለ ኃይሌ ለቀቅኩት። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ግንድ መታ። ኳ! ተመልሶ ከኋላዬ ወደቀ። ሁለተኛውም ኳ። በሦስት ውርወራ ያልቃል የተባለውን ቅርጫት በዘጠኝ ጨረስኩ። ልጁ አልሳቀብኝም፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጫካ ጉልበት አይወድም። በዛፎቹ መሀል ያለችው መተላለፊያ አንዳንዴ ሁለት እርምጃ አትሞላም። ዲስኩ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በቀኝ እጅ ከደረት በኩል ተስቦ ሲወረወር፣ ፍጥነቱ በበረደ ቁጥር ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ ሩቅ የሚበረውን ትተህ መካከለኛውን ታነሳለህ፤ በግማሽ ጉልበት፣ ዘንበል አድርገህ ትለቀዋለህ። ይሄን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ዛፉስ ይለመዳል። የማይለመደው ቁልቁለቱ ነው። አፋፍ ላይ የተተከለ ቅርጫት አለ። ቀረብ ብለህ ወርውረህ ትስታለህ። ወደቀልኝ ስትል በጠርዙ ይቆምና እንደ ጎማ ይንከባለላል። ይንከባለላል፣ ይንከባለላል፣ ታች ድረስ። አንድ ቀን ቆሜ ሳየው ልጅ ሆኜ ቸርኬ ሳባርር የወረድኩበት የመንደሬ ቁልቁለት ትዝ አለኝ። እዚያ ብወረውረውስ የሚል ሐሳብ ያኔ ገባብኝ፤ አልወጣም።

ለገና ስመጣ ይዣቸው የመጣሁት ለዚህ ነው። መንደራችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ጋ ይብሳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ገብሱ ታጭዶ ውድማ ላይ ነው። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ የለበሰ ተዳፋት አለ፤ ከሱ በታች ካብ፣ ከካቡ በታች ገደል።

ቅርጫት ከየት ይምጣ? የእህቴ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፣ ያረጀ እንቅብ አምጥቶ ጉቶ ላይ አስቀመጠ። ዲስኩ አፉን እየመታ ይነጥራል። ልጁ ጥቂት አየና ከእንቅቡ ጀርባ ሁለት እንጨት ተክሎ ማዳበሪያ ከረጢት አንጠለጠለ፤ ሳይወጥር፣ ላላ አድርጎ። አሁን ዲስኩ ከረጢቱን ይመታል፣ ጉልበቱ ያልቃል፣ እንቅቡ ውስጥ ዱብ ይላል። የሰንሰለቱ ሥራም ይሄው ነው። ለስንት ዓመት ድምፁን ብቻ ነበር የምወደው።

ማታ ቡና ላይ ስለ ሰንሰለቱ አወራኋቸው። ያመጣው ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ የሠራውም እሱ። በ2002 ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቀለና ዲስክ ተሠራበት።

«በስመ አብ!» አጎቴ አማተበ።

እናቴ ቆሎው ላይ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። «ይሄኛውስ... ሰው አለበት?»

ማርያምን የለበትም ብዬ እስክምል ድረስ ማንም ቆሎ አልነካም።

በነጋታው ከልጁ ጋር ገጠምን። ካቡን ያለፈ አንድ ውርወራ ይቀጣል አልን። እዚህ ነው ጉዴ የፈላው። አየሩ ስስ ስለሆነ ዲስኩን እንደዚያኛው አይሸከመውም፤ ሜሪላንድ ቀጥ የሚልልኝ እዚህ ቶሎ ብሎ ወደ ግራ ይሰበራል። ዲስኩ ይቅር፣ እኔንም አልሸከም አለኝ። ዳገቱን ስመለስ ሁለቴ ቁጭ አልኩ። ልጁ በላስቲክ ጫማ እየሮጠ ወርዶ እየሮጠ ይወጣል። «ጋሼ፣ ውኃ ላምጣልህ?» ይለኛል፤ እውነት አዝኖ።

ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም ወጣ። በሦስት እርምጃ ያለው ዛፍ ጠፋ። እኔ «እናቁም» አልኩ። እሱ ግን ዛፎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ጉሙ ውስጥ ወረወረ፤ ዝም... ከዚያ ከረጢቱ ጧ አለ። የኔው አንድ ግንድ ነክቶ በጠርዙ ቆመ። ድምፁን ሰማነው፤ ቅጠሉን ኮሽ ኮሽ እያደረገ ወረደ፣ በካቡ ሽንቁር አለፈ፣ ገደል ገባ።

በሁለት ውርወራ ተሸነፍኩ። ፊቴ ጠቁሮ ነው መሰለኝ አጎቴ ከበሩ ላይ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» እያለ ተቀበለኝ። ገና እንኳ አምስት ቀን ይቀረው ነበር።

ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ቀሩ። አንዱ ገደል ነው። አንዱን ለልጁ ሰጠሁት፤ በሱ ከብት ሲመልስበት አይቻለሁ፣ ምን ላድርግ። ብርቱካናማውን ግን የማልለየው ዲስኬ ነውና ስጠቀልል እናቴ ደረሰች።

«እሱን አስቀምጥ» አለችኝ። «ቆሎውን በምን ላቀርብ ነው?»

አራት ይዤ ሄድኩ።