ሱፐርቻርጀሩ ትንሽ ይቆይ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከጓደኛዬ ጋር ጋራዥ ውስጥ ስንጨቃጨቅ ዋልን። እ.ኤ.አ. የ2011 ሞዴል ፎርድ ማስታንግ ጂቲ መኪና አለው። ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ካልገጠምኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። እኔ ደግሞ "መጀመሪያ የዘይት ፓምፑን ማርሽ ቀይር" ብዬ ድርቅ አልኩ።

ይህ 5.0 ሊትር ቪ8 ከፋብሪካ ሲወጣ 412 የፈረስ ጉልበት አለው። ጎበዝ ሞተር ነው። የፓምፑ ማርሽ ግን ከታመቀ የብረት ዱቄት የተሠራ ነው። ሱፐርቻርጀሩ ጉልበቱን በቺንጋ የሚወስደው ከክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) ነው። ፓምፑም የሚዞረው በዚያው ነው። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲንቀጠቀጥ ማርሹ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያማ ዘይት የለም፣ ሞተርም የለም።

ሌላው ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየርና ነዳጅ የሚታመቅበት መጠን) ነው፤ 11 ለ 1፣ ከፍ ያለ ነው። በዚያ ላይ አየር ሲታጨቅበት ነዳጁ ያለጊዜው ይቀጣጠላል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ካንዴላ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ)፣ ትልልቅ ኢንጄክተር (ነዳጅ የሚረጨው) እና በቂ የነዳጅ ፓምፕ የግድ ናቸው። የሞተሩ ኮምፒውተርም እንደገና መስተካከል አለበት።

ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ ጠንካራ) ፒስተንና ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) መግጠምስ? የሱፐርቻርጀሩን የአየር ግፊት ዝቅ አድርጎ መንገድ ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይቆይ ባይ ነኝ። እሱ ግን (ልቡ ውድድር ሜዳ ላይ ነው) አልተዋጠለትም። ለጊዜው ማርሹንና ካንዴላውን አዝዘናል። በፒስተኑ ገና አልተስማማንም። እናንተ ከማን ጋር ናችሁ?