ሻሽ ሳታወልቅ ያለቀ ፊልም

ዛሬ ኦፍ ነበርኩ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን "ጂን" የሚለውን ፊልም አየነው፣ የ2018 ነው፣ ዳይሬክተሯ ኒጅላ ሙእሚን። ሎስ አንጀለስ ያለች ጥቁር ልጅ እናቷ ትሰልማለች፣ እናትየው ደሞ ቲቪ ላይ የአየር ሁኔታ የምትናገር ናት 😄 ልጅቷ አንዴ ለመስገድ ትሞክራለች አንዴ ከእናቷ ጋር ትጣላለች፣ በሂጃብ ኢንስታግራም ላይ የማይሆን ፎቶ ትለጥፋለች፣ በቃ የ17 ዓመት ልጅ! እኔ ደሞ ከሆሊውድ የለመድኩት ሙስሊም ሴት ወይ የአሸባሪ ሚስት ሆና ጥግ ላይ የምታለቅስ ወይ መጨረሻ ላይ ሻሿን አውልቃ ነፃ የምትወጣ ነው (ፀጉሯ ደሞ ሁሌ የተተኮሰ ነው እንዴት እንደሆነ እንጃ)። እህቴ መሃል ላይ "ውይ ይቺማ አንቺ ነሽ፣ ለሱብሂ ሶላት ስትቀሰቀሺ" አትለኝም! ስንከራከር ወላሂ ዙህር ሊያመልጠን ነበር።