ልጄን በታክስ ክሬዲት ስኮላርሺፕ ካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እንዲህ ነው

አትላንታ ያለን ሐበሾች አንድ ጠባይ አለን። የሰው ልጅ የግል ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ ካየን ቲዩሽኑን፣ ማለትም የትምህርት ክፍያውን፣ በልባችን እንደምራለን። እኔ በአዳር የምሠራ ረዳት ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ የምንኖረው አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ነው። ታዲያ ልጃችን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲገባ በየክርስትናውና በየሰርጉ ጥያቄው በዛብኝ። "ሎተሪ ደርሷቸው ነው" ያለም አለ። የደረሰን ሎተሪ ሳይሆን ዞሮ የመጣ የስቴቱ ታክስ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

አትላንታ ያለችበት የጆርጂያ ስቴት በ2008 አንድ ሕግ አወጣች። ግብር ከፋዩ ለተፈቀደለት የስኮላርሺፕ ድርጅት ገንዘብ ይሰጣል። የሰጠው ዶላር በዶላር ከስቴት ታክሱ ላይ ይቀነስለታል። ድርጅቱ ደግሞ ገንዘቡን ለግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቲዩሽን ያውለዋል። ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹ የሃይማኖት ናቸው። ከ2023 ጀምሮ ያላገባ ሰው እስከ 2,500፣ ባልና ሚስት እስከ 5,000 ዶላር መስጠት ይችላሉ። ለመላው ስቴት የተቀመጠው ዓመታዊ ጣሪያም በዚያው ዓመት 120 ሚሊዮን ዶላር ሆነ።

መጀመሪያ ያጣራሁት ልጁ ለስኮላርሺፑ ይበቃል ወይ የሚለውን ነው። ተማሪው ቀደም ብሎ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በጆርጂያ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ መሆን አለበት። ፕሪ-ኬ፣ ኪንደርጋርተንና አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ይህ አይመለከታቸውም፤ ሌሎች ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችም አሉ። ድሮ አንዳንድ ወላጅ ልጁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለስሙ ብቻ ያስመዘግብና ደጃፉን ሳያስረግጠው ወደ ግል ይወስደው ነበር። በ2013 ሕጉ ሲሻሻል ያቺ ቀዳዳ ተደፈነች። ስለዚህ ከፍ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ በኪሳችሁ ግል ካስገባችሁት በኋላ ስኮላርሺፕ እንጠይቃለን ካላችሁ ይመለስባችኋል። የኛ ልጅ ክላርክስተን የመንግሥት ትምህርት ቤት እያለ ነው ያመለከትነው።

ሕጉ ድርጅቶቹ የቤተሰቡን አቅም እንዲያዩ ያዛል እንጂ የገቢ ጣሪያ አላስቀመጠም። ቨርጂኒያ ያላችሁ የናንተ ሌላ ነው። እዚያ በመደበኛው የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ለጋሹም የሚመለስለት 65 ከመቶው ብቻ ነው።

ማመልከቻው የገባው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። ታክስ ሪተርን (ዓመታዊ የታክስ ማስታወቂያ)፣ ደብሊው-ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የደመወዝ ወረቀት)፣ የልደት ወረቀት፣ የመጨረሻ ሪፖርት ካርድ ጠየቁን። ያስቸገረው የኡበሩ ገቢ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጠቅላላው ብዙ ይመስላል። ቤንዚኑ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱ ሲወጣ የሚተርፈው ግን ሌላ ነው። የራስ ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ቅጽ፣ ስኬጁል ሲውን፣ አያይዤ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አብራራሁ። አዲስ አበባ ላሉት ወላጆቻችን በየወሩ የምንልከውንም የባንክ ደረሰኝ አስደግፌ ጻፍኩ። የምትልኩት ገንዘብ ታክስ ሪተርን ላይ አይታይም፤ እናንተ ካልተናገራችሁ የሚያውቅላችሁ የለም። የገንዘብ አቅም የምትመረምረዋ ሴትዮ ደውላ የጠየቀችኝም ስለዚሁ ነበር። "ይሄ ግዴታ ነው ወይስ በፈቃድ?" አለችኝ። ምን ልበላት? እናቴ መድኃኒት የምትገዛው በዚህ ነው አልኳት። ተቀበለችው።

ስኮላርሺፑ ከቲዩሽኑ ግማሹን ትንሽ አለፍ አድርጎ ሸፈነ። የተረፈው የኛ ዕዳ ነው። በዚያ ላይ የምዝገባ ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ከትምህርት በኋላ ማቆያ አለ። አውቶቡስ የለም። ከአዳር ሥራ ወጥቼ በቀጥታ ልጅ ማድረስ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አሁን ከአንድ ኤርትራዊ ቤተሰብ ጋር ተራ ገብተን እናደርሳለን።

ሐበሻ አብዝቶ የሚሳሳተው ግን በልገሳው በኩል ነው። ብዙው ሰው ነገሩን እንደ ዕቁብ ያየዋል። እኔ ልስጥ፣ ለልጄ ይውጣ ይላል። አይቻልም። ለጋሹ ትምህርት ቤት መምረጥ ይችላል፣ ተማሪ መምረጥ ግን ክልክል ነው። "እኔ ላንቺ ልጅ፣ አንቺ ለኔ ልጅ" የሚለው ውልም አያስኬድም። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ሲያቀርቡልኝ "ጋሼ፣ ይቅርብን፣ ታክስ ነገር ነው" ብዬ አለፍኩት።

እኛም ራሳችን ለጋሾች ነን። መጀመሪያ የስቴቱ የታክስ ድረ ገጽ በሆነው በጆርጂያ ታክስ ሴንተር በኩል ቅድመ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ከወጣ በ60 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ድርጅቱ ጋር መግባት አለበት፤ ካልገባ ፈቃዱ ይሰረዛል። ጣሪያው ዝቅ ያለ በነበረበት ጊዜ ጥያቄው በመጀመሪያው ቀን ሞልቶ ይፈስ ስለነበር ለሁሉም እያካፈሉ ይሰጡ ነበር። በጥር መጀመሪያ መጠየቅ የተለመደው ለዚህ ነው።

ደግሞ ታክሳችሁን ሳታሰሉ 5,000 አትስጡ። ተቀናሹ ሁሉ ወጥቶ ታክስ የሚከፈልበት ገቢያችሁ 50,000 ዶላር ከሆነ፣ በ2025ቱ 5.19 ከመቶ ለስቴቱ ያለባችሁ 2,595 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ የሰጣችሁት በዚያው ዓመት አይመለስም፤ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ይተላለፋል እንጂ። ገንዘቡ አሁን ከኪስ ይወጣል፣ የሚመለሰው ሪተርን ስትሞሉ ነው። ኪራይ ለሚቆጥር ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። ስቴቱ ሙሉውን የመለሰላችሁን ደግሞ ለፌዴራሉ እንደ በጎ አድራጎት መቀነስ አይቻልም። ያንን የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) የ2019 ደንብ ዘግቶታል።

አካውንታንታችን የገለጸችልኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። "መዋጮ አይምሰልሽ እህቴ" አለችኝ። "ለስቴቱ ልትከፍዪ የነበረውን ነው ሌላ ቦታ የምትከፍዪው።"

ፍርድ ቤቶቹ እንዲህ አያዩትም። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ከሕዝብ ካዝና በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ወይም የሃይማኖት ተቋም ገንዘብ አይወጣም ይላል። ግብር ከፋዮች ይህን ይዘው ከሰሱ። በ2017 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገንዘቡ ካዝና ያልገባ የግል ገንዘብ ስለሆነ የመክሰስ መብት የላችሁም ብሎ መለሳቸው። ከዚያ በፊት በ2011 የአሜሪካው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 በተጀመረው የአሪዞና ፕሮግራም ላይ በ5 ለ4 ተመሳሳይ ነገር ወስኖ ነበር። ዳኛ ኤሌና ኬገን በተቃውሞ ሐሳባቸው መንግሥት ገንዘብ አውጥቶ ቢሰጥም በታክስ ክሬዲት ቢተውም ውጤቱ አንድ ነው ብለዋል።

እኔ ከዳኛ ኬገን ጋር ነኝ። ስኮላርሺፑን እየተቀበልኩም ከሳቸው ጋር ነኝ። ሰጪም ተቀባይም ሆኜ አይቼዋለሁ፣ በልገሳው ከኔ ኪስ ወጥቶ የቀረ ምንም ነገር የለም። እኔ ያደረግሁት የስቴቱ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ መጠቆም ብቻ ነው። ያ ገንዘብ ክላርክስተን ላሉት የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤትም ሊውል ይችል ነበር። የግል ትምህርት ቤቱ የሚፈልገውን ተማሪ መርጦ ይቀበላል፣ ልጆቹም የስቴቱን ፈተና አይወስዱም። ታዲያ ለምን ወሰድሽ ትሉኛላችሁ። የልጄ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ልጅ ነበር፣ አሁን አሥራ ስምንት ነው። እናት ነኛ።

የሃይማኖቱን ጉዳይ ሳልፈራው አልቀረሁም። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኋቸው። "ይማር ልጄ፣ ቁርባኑ ግን እዚህ ነው" አሉኝ። ትምህርት ቤቱም አላስቸገረም። በቅዳሴያቸው ሰዓት ሌሎቹ ሲቆርቡ እሱ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቡራኬ ብቻ ይቀበላል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። እነሱ በዐቢይ ጾም ዓርብ ከሥጋ ይከለከላሉ፣ እኛ አይቡንም ቅቤውንም እንተዋለን። መጀመሪያ ሰሞን ፒዛውን እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር፤ ዛሬ ጓደኞቹ ሽሮውን እየተሻሙበት ሁለት ጥቅል መላክ ጀምሬያለሁ። ለገና ጃንዋሪ 7 አስቀድሜ ደብዳቤ ጽፌ አስቀረዋለሁ። ሌላ ያየሁት ትምህርት ቤት ግን ወላጆች የእምነት መግለጫ እንዲፈርሙ ይጠይቅ ነበር። አንብቤ የማላምንበት አንቀጽ ስላገኘሁ ተውኩት። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ታናሿን አላዛወርኳትም። ንግግር ዘግይቶባት አይኢፒ፣ ማለትም ለሷ የተዘጋጀ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ፣ አላት፣ የንግግር ባለሙያ በየሳምንቱ ያያታል። ይህን የማግኘት መብቷ በፌዴራል ሕግ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የግል ትምህርት ቤት ከገባች ተከትሏት አይሄድም። የታላቅ ወንድሟ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ራሳቸው "እኛ ጋ ባለሙያ የለንም" ብለው በግልጽ ነገሩኝ። አመሰገንኳቸው።

አሁን ደግሞ በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ አንድ ግብር ከፋይ እስከ 1,700 ዶላር ሰጥቶ ከፌዴራል ታክሱ ያስቀንሳል። የሚሠራው ስቴቱ እገባለሁ ካለ ነው። የተቀባዩ ቤተሰብ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። ለስቴቱ ያስቆጠራችሁትን መዋጮ ለፌዴራሉ ደግማችሁ ማስቆጠር አትችሉም። እኔን ደስ ያለኝ ግን ሌላው ነው፦ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪም ለማስጠኛና ለልዩ ፍላጎት አገልግሎት ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ የሚቀጥለው ማመልከቻዬ ለታናሿ ነው።