ጃንጥላሽን ዝጊው

የሚኒባሱ ረዳት ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች አየው። ከእሱ ይረዝማል።

"የቅሬ ድንኳን ነው?" አለኝ።

ደሴ መናኸሪያ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። ወሎ ውስጥ ረጅም ዘንግ በሸራ ተጠቅልሎ ከታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማስረዳቱ ደከመኝና "አዎ" አልኩት። የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ። "አላህ ይርሐመው" ብሎ ቦርሳውን ራሱ አንስቶ ጣራው ላይ አሰረልኝ። የዕቃ ሒሳብ አልጠየቀኝም። እስከ ሐይቅ ከተማ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ላየኝ ሰው ሐዘን የሰበራት ሴት መስያለሁ።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው የዊንድሰርፊንግ ዕቃ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፊ ቦርድ ላይ ትቆማላችሁ። ቦርዱ ላይ ምሰሶና ሸራ ተተክሏል። ሸራውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ነፋሱ ይወስዳችኋል። ምሰሶው በየአቅጣጫው በሚታጠፍ መገጣጠሚያ ነው የተያያዘው። መሪ የለውም። ሸራውን ወደ ፊት ስታዘነብሉት ከነፋሱ ትሸሻላችሁ፤ ወደ ኋላ ስትስቡት ወደ ነፋሱ ትዞራላችሁ። ሞተር የለም፣ ቤንዚን የለም፣ የቤንዚን ወረፋም የለም።

እኔ የተማርኩት ዱባይ ነው፤ ያውም በሰው ሒሳብ። ሦስት ዓመት ተኩል ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የማሳድጋት ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን ባሕሩ ዳርቻ ላይ ዊንድሰርፊንግ ትሠለጥን ነበር። የእኔ ሥራ ፎጣ መያዝ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ አልገባም ብላ አለቀሰች። ሰዓቱ ተከፍሎበታል። ግብፃዊው አሠልጣኝ ዞር ብሎ "አንቺ ግቢ" አለኝ። እመቤቲቱ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ከነሙሉ ልብሴ ገባሁ። ዋና እዚያው ገንዳ ውስጥ ከልጅቷ ጋር ተምሬ ነበር እንጂ፣ ደሴ ያደገ ሰው ውሃ የሚያውቀው በባልዲ ነው። ስንቴ እንደወደቅሁ አልቆጠርኩም። ብቻ መጨረሻ ላይ ለትንሽ ጊዜ ቆምኩ። ቦርዱ ከእግሬ ሥር ሲሄድ ተሰማኝ። ያን ቀን ማታ ዕቃ ሳጥብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስመለስ አሠልጣኙ አሮጌ ዕቃውን በርካሽ ሸጠልኝ። ቦርዱ በአየር የሚነፋ ነው፣ ሲተነፍስ ይጠቀለላል። ምሰሶው ለሁለት ይከፈላል። እናቴ ቦርሳውን ስታይ ብርድ ልብስ መስሏት ነበር። እስካሁን አልፎ አልፎ ታነሳብኛለች።

ከዚያ ሐይቅ ፍለጋ ጀመርኩ። ነፋስማ አዝዋ ገደል ሞልቶልናል፤ ውሃ የለውም እንጂ።

መጀመሪያ ማይባር ሄድኩ። ከደሴ በስተደቡብ፣ ተራራ መሐል ያለች ትንሽ ሐይቅ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር አካባቢ ትሆናለች። ታምራለች። ለዚህ ሥራ ግን አትሆንም። ዙሪያዋን ኮረብታ ስለከበባት ነፋሱ በአንድ አቅጣጫ አይመጣም። አንዴ ከቀኝ ይመታሻል፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ከብት ሊያጠጡ የመጡ ልጆች ዳር ቁጭ ብለው በወደቅሁ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር። ብዙ አጨበጨቡ።

እዚያ አንድ ነገር ገረመኝ። ዱባይ ላይ የሚጎትተኝ ዓይነት ነፋስ እዚህ ገፋ እንኳ አያደርገኝም። ሸራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። 2 ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባሕር ላይ 4 ነጥብ 5 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃው ሰው እዚህ 5 ነጥብ 5 ይፈልጋል። ወሎ ለሚጀምር ሰው የምነግረው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው፤ ፈረንጅ የጻፈውን የሸራ ልክ እንዳለ አትውሰዱ።

አርዲቦ ሁለተኛዬ ነበር። ከሐይቅ ሐይቅ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ አንከርካ የሚባለው ወንዝ ከእሱ ወጥቶ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ዳገት የከበበው ስለሆነ ዕቃ ተሸክሞ መውረዱ መከራ ነው። እኔ ወርጄ፣ አይቼ፣ ዕቃውን ሳልፈታ ተመለስኩ። ጉልበት ያለው ይሞክረው።

የቀረው ዋናው ነው፤ ስሙም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ የተራራው ጥላ ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። እኔ በሄድኩባቸው የበጋ ቀናት ከሰዓት፣ ወደ 8 ሰዓት ግድም፣ ውሃው መሸብሸብ ይጀምራል። እስከ 10 ሰዓት ደህና ነፋስ አለ። ለጀማሪ የሚበጀው በሰዓት ከ15 እስከ 22 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ዛፍ እዩ። ቅጠሉና ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሳያቋርጥ ሲወዛወዝ ጥሩ ነው። ውሃው ላይ ነጭ አረፋ በዝቶ ከታየ ግን ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመጀመሪያው ቀን ነፋሱ ከጀርባዬ፣ ከመሬት ወደ ውሃ ይነፍስ ነበር። ደስ አለኝ። ሰው የሚያግዘኝ መሰለኝ። ግብፃዊው ስንት ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ ከመሬት ወደ ውሃ የሚነፍስ ነፋስ የጀማሪ ጠላት ነው፣ መውሰድ እንጂ መመለስ አያውቅም። ዱባይ ላይ ሁልጊዜ የሚያመጣኝ ጀልባ ነበረ። እዚህ ማን አለኝ?

ቆምኩ፣ ሄድኩ፣ ደስታ በደስታ ሆንኩ። ዞሬ ሳይ ዳሩ ርቋል። ልዞር ብሞክር ወደቅሁ። እንደገና ስነሳ የበለጠ ራቅሁ። ቀና ስል ወደ እስጢፋኖስ ገዳም እየተወሰድኩ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም። ሴት የማይገባበት ገዳም! እርጥብ ልብስ ለብሼ፣ ብርቱካንማ ሸራ ይዤ፣ ነፋስ እያመጣኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዱዓ አድርጌ አላውቅም። ያተረፈኝ መረብ ነው። ከቦርዱ ሥር ያለው ክንፍ የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ። አየሁ፤ ሃይላንድ በተርታ ተንሳፍፏል። ለካ መረቡ ያለበትን ለማወቅ ዓሣ አጥማጆቹ የሚያስሩት ነው። ብዙውን ጊዜ መረብ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ጠዋት ይነሳል። ያን ቀን አንዱ ቀደም ብለው ጥለውት ነበር።

በጀልባ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጥምጣማቸው ውሃ ነክቶታል።

"አንቺ ልጅ! ጃንጥላሽን ዝጊው!"

"አይዘጋም አባባ!"

"እንግዲያው ጣይው!"

ጣልኩት። ትክክል ነበሩ። ሸራው ውሃ ላይ ከተኛ ነፋሱ የሚይዘው ነገር ያጣል። መረቡን ከክንፉ ለማላቀቅ ረጅም ጊዜ ፈጀብን። ሁለት ክንድ ያህል ተቀዶ ነበር። ወደ ዳር እየጎተቱኝ የሐይቁን ታሪክ ነገሩኝ። ድሮ እዚህ አገር ነበረ። አንዲት ልዕልት ነፍሰ ጡር በደለች። ፈጣሪ ተቆጣና ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት ሲቀር መሬቱን ሁሉ ውሃ አደረገው። ያ የቀረው ቦታ ገዳሙ ያለበት ነው ይባላል። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። እሳቸው ግን የራሳቸውን መጨረሻ ጨመሩበት።

"ይሄ ውሃ በደል አይወድም። መረቤን ትከፍያለሽ።"

ከፈልኩ። ግን ክር ገዝቼ ስመለስ ገንዘብ ብቻ አልበቃም፤ ቁጭ ብለሽ እርጂኝ አሉኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ መረብ ስንጠግን ዋልን። በዚያ ቡና ላይ ያገኘሁት ዕውቀት ዱባይ ካገኘሁት ይበልጣል። መረብ የት የት እንደሚጣል። ሣሩ የበዛበት የቱ ጋ እንደሆነ። ነፋሱ ሊነሳ ሲል የትኛው ተራራ ላይ ደመና እንደሚቀመጥ። በየትኛው ዳር ብገባ ነፋሱ መልሶ ወደ መሬት እንደሚያመጣኝ። እኔ ወር ሙሉ ሐይቅ ስመርጥ ከርሜ የሚያውቁትን ሰዎች አንድ ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ጀመዓችን የተጀመረው እንደዚያ ነው። ስፖርት የሚወድ ሰው ፈልጌ አይደለም። መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹ ነበሩ፣ ሰርፈሩ ኋላ መጣ። አሁን እኔን ጨምሮ አምስት ነን። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ የስፖርት መምህር ነው፣ በጣም ያወራል፣ ውሃ ላይ ግን ዝም ይላል። አንዱ የአባባ የልጅ ልጅ ነው፣ 15 ዓመቱ። በሁለት ቀን ከሁላችንም በለጠን። ዋና ከእግር ጉዞ በፊት የለመደ ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ። አምስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት፣ እስካሁን ፎቶ ማንሳት ነው የምትወደው።

ቦርድ አንድ ነው። ተራ እንይዛለን። ውሃ ላይ የሌለው ሰው ዳር ሆኖ ዓይኑን አይነቅልም። ነፋስ ባለበት ሰዓት አንድ ጀልባ ተከራይተን ውሃው ላይ እናቆማለን። ዋጋው ለአምስት ሲካፈል አይጎዳም። ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ አይገባም፣ የአባባም የልጅ ልጅ ቢሆን። የወደቀ ሰው ቦርዱን አይለቅም፤ ቦርዱ ይንሳፈፋል፣ ሰው ይደክመዋል። ጀልባ የፈለገ ሁለት እጁን በጎን ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል። አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሣር ላይ ሸራ ማንሳት እናስተምረዋለን። ሣር ላይ መውደቅ ያማል፣ ግን አያሰጥምም።

ነርሷ አንድ ነገር ሳትጽፊ እንዳትተይ ብላኛለች። ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ፣ አለ። ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ዳር ዳሩን፣ ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሣር መሐል ቆማችሁ አታውሩ። ዕቃችሁን መሬት ላይ ገጣጥማችሁ ንጹሕ በሆነው ቦታ ቶሎ ግቡ። አዘውትሮ የሚገባ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ ይመርመር። ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

እናቴ አሁንም ለሴት ልጅ ምን ይሉታል ትላለች። አንድ ቀን የሴቶች ዊንድሰርፊንግ ኦሊምፒክ የገባው ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትር ባሸነፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው አልኳት። ትንሽ አሰበች። "ደራርቱ እኮ መሬት ላይ ነው የሮጠችው" አለች። መልስ አጣሁ።

መምጣት የሚፈልግ ቅዳሜ ይምጣ። ከደሴ በጠዋት ከተነሳችሁ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዕቃው ተገጣጥሟል። ከከተማው ወደ ውሃው ባጃጅ አለ። ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣና ጥቂት ስኳር ያዙ፤ ስኳሩ ለቡናው ነው፣ አባባ ጣፋጭ ይወዳሉ። ቦርድ ያለው ካለ ደግሞ እባካችሁ ይዛችሁት ኑ።

ረዳቱ "የቅሬ ድንኳን ነው?" ካላችሁ ግን እውነቱን ንገሩት። ያ ልጅ ባለፈው አይቶኝ "እንዴት ነው፣ ሐዘኑ በረደላችሁ?" አለኝ። የሁለት ሰው ከፈልኩት።