ከአውቶብስ በጎኑ የወረደው ሴንተር

ክለብ ውስጥ ፊዚዮ ነኝ ስትል ሰው ስራህ ማሸትና ፋሻ መጠቅለል ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ ስራ ግን ውሸት መለየት ነው፣ ያውም ክፋት የሌለበት ውሸት። ፕሮፌሽናል ባስኬትቦል ተጫዋችን "አሞሃል እንዴ?" ብትለው መልሱ ምንም ቢሆን ያው ነው፣ "ኧረ ደህና ነኝ፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይለቀኛል"። ስለዚህ አፉን ትተህ እግሩን ታያለህ።

አንድ ሴንተር (ቅርጫቱ ስር የሚጫወተው ግዙፉ ተጫዋች) ነበረን፣ 30ን የተሻገረ፣ ጨዋ፣ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ላይ ከቆመ ማንም የማይነቀንቀው። ልጆቹ "ሽማግሌው" ነው የሚሉት፣ እሱም አይከፋውም። እንደውም በ2012 (በፈረንጆቹ) የኤንቢኤው፣ የአሜሪካው ሊግ ክለብ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ኮከባቸውን ቲም ደንካንን ሳያሰልፉ ቀርተው የጨዋታው ወረቀት ላይ ምክንያቱን "አርጅቷል" ብለው የሞሉትን ታሪክ ሺ ጊዜ ነግሮናል፣ ከዛ "ያረጀው ሰውዬ በ2014 ዋንጫ በላ፣ እስከ 2016 ተጫወተ" ብሎ ይጨርሳል።

የሆነ ጊዜ ከሜዳችን ውጪ ተጫውተን ስንመለስ አውቶብሱ ቆመ፣ ሁሉም ዱብ ዱብ እያለ ሲወርድ እሱ ብረቱን ይዞ በጎኑ፣ በየደረጃው ቀኝ እግሩን እያስቀደመ ወረደ። ደረጃ ስትወርድ ሸክሙን የሚይዘው ከላይ የቀረው እግር ነው፣ ስለዚህ ሰው ሳያስበው የሚያመውን እግር ያስቀድማል። እኔ ምንም አላልኩም፣ በማግስቱ ጠዋት ጠራሁትና በአንድ እግር ቆመህ ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አድርግ አልኩት። ጉልበቱን ዘርግቶ ሲሰራ ሁለቱም እግር እኩል ነው፣ ፈገግ እያለ ነው የሚሰራው። ጉልበትህን ትንሽ አጠፍ አድርገህ ድገመው ስለው ግን ቀኙ ገና ሲጀምር ተንቀጠቀጠ፣ ፈገግታውም ጠፋ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ባት ላይ ሁለት ትልልቅ ጡንቻ አለ፣ ከላይ የሚታየው ዋና ስራው ጉልበት ሲዘረጋ ነው፣ ከስሩ የተደበቀው ደግሞ ጉልበት ታጥፎም ይሰራል። የላይኛው ሲጎዳ ተጫዋቹ በድንጋይ የተመታ መስሎት ዞሮ ያያል፣ የስረኛው ግን ድምጽ የለውም፣ "ትንሽ ጠበቅ አለኝ" እያሉ ሳምንታት ይጫወቱበታል። ሁለቱም ታች ተጋጥመው አኪለስ ጅማት (ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው) ውስጥ ነው የሚገቡት፣ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

"ዶክተር" አለኝ (ዶክተር አይደለሁም፣ ስንቴ ብነግራቸውም ያው ናቸው) "ዶክተር በናትህ፣ አራት ጨዋታ ነው የቀረኝ፣ ከዛ በኋላ እንደፈለክ አድርገኝ።" የምን አራት ጨዋታ ነው ስለው ዝም አለ፣ ትንሽ ቆይቶ ነገረኝ። ኮንትራቱ ላይ በሲዝኑ የተወሰነ ቁጥር ጨዋታ ከተሰለፈ ቦነስ አለው፣ እሱን ለመሙላት አራት ቀርቶታል። እሱ እድሜ ላይ ያለ ተጫዋች ቀጣዩ ኮንትራት ይምጣ አይምጣ አያውቅም፣ ስለዚህ ስግብግብ ነው ማለት አልችልም።

ያው ምሳሌ መደርደር ጀመርኩ። የኤንቢኤው ኮከብ ኬቨን ዱራንት በ2019 ባቱን ተጎድቶ አንድ ወር አርፎ ፋይናል ላይ ገባ፣ 12 ደቂቃ ተጫውቶ 11 ነጥብ አስቆጠረና አኪለሱ ተበጠሰ፣ ቀጣዩን ሲዝን ሙሉ አልተጫወተም። "ተመልሶ አሁንም ያገባ የለ እንዴ?" አለኝ። እሱን ብሩክሊን የሚባለው ክለብ አኪለሱ ተበጥሶ እያለ 164 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፣ አንተን እንደዛ ሆነህ ማን ያስፈርምሃል? አልኩት። ሲነገር ያማል፣ ግን እውነት ነው። የኢንዲያና ፔሰርሱ የታይሪስ ሀሊበርተን ደግሞ ይብሳል፣ ኤንቢኤ ከ2023-24 ጀምሮ ለትልልቆቹ ሽልማቶች 65 ጨዋታ መሰለፍ ግዴታ ነው ሲል ልጁ ከታፋ ጉዳት እየተመለሰ ደቂቃው ተገድቦም ቢሆን ቁጥሩን ሞልቶ ከዓመቱ ምርጦች (ኦል-ኤንቢኤ) ውስጥ ተመረጠና ኮንትራቱ ላይ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨመረለት። እስኪ በእሱ ቦታ ሁናችሁ አስቡት፣ ማን ይቀራል? ያኔ ተሳካለት፣ በ2025 ፋይናል ግን ባቱ ታሞ ተጫወተ፣ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ አኪለሱ ሄደ።

ኮች ጋ ገባሁ። ኮች ሌላ ሴንተር የለኝም ብሎ ጮኸ፣ ስለ እረፍት ሳወራ "እኔ ፖፖቪች አይደለሁም" አለኝ፣ ያኔ የስፐርስ ኮች የነበረው ፖፖቪች በ2012 ደንካንን፣ ፓርከርን፣ ጂኖቢሊንና ግሪንን ከማያሚ ጨዋታ በፊት ወደ ቤት ልኮ ሊጉ ክለቡን 250 ሺ ዶላር እንደቀጣው ሁለታችንም እናውቃለን፣ "እኔ ያንን ባደርግ ቅጣቱ እኔው ነኝ፣ ነገ ስራ የለኝም" አለ። ልክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያናድደው ማንም ጥፋተኛ አለመሆኑ ነው፣ ሁሉም የየራሱን እንጀራ ነው የሚጠብቀው።

ከዛ ማናጀሩ ጋ ሄድኩና ኮንትራቱን አብረን አየነው። ያንን አንቀጽ ያስገባው ማን መሰላችሁ፣ ክለቡ ራሱ! ተጫዋቹ በትንሽ በትልቁ እንዳይቀር ተብሎ። ጤነኛ እንዲሆን አይደለም፣ መታመሙን እንዲደብቅ ነው የከፈልነው። በህክምና ውሳኔ የቀረባቸው ጨዋታዎች እንደተሰለፈ ይቆጠሩለት አልኳቸው። "ይሄማ በር ይከፍታል፣ ነገ ሁሉም አመመኝ ሊል ነው" አሉ። አሁን ሁሉም ደህና ነኝ እያለ አይደለም እንዴ ያለነው? አልኳቸው። ብዙ ተከራከርን፣ መጨረሻ ላይ በምስል የተረጋገጠ ጉዳት ከሆነ ብቻ በሚል በአንድ ገጽ ማሻሻያ ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ይፈርማሉ ብዬ አልጠበኩም ነበር፣ ደግሞ ሲዝኑ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚፈርም ክለብ ብዙ የለም።

ኤምአርአይ ተነሳ፣ የስረኛው ጡንቻ ላይ ትንሽ መቀደድ አለ። ለሳምንታት ከሜዳ ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላናገረኝም፣ በማከሚያ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ጣሪያ ሲያይ ነበር። ኮቹ አንድ ወጣት ልጅ አስገብቶ ሁለቴ ተሸነፍን፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ማን በክፉ አይን እንደሚታይ መገመት ቀላል ነው። ሽማግሌው ሲዝኑ ሳያልቅ ተመለሰ፣ ቦነሱንም አገኘ።

ከዛ ወዲህ አዲስ ተጫዋች ሲመጣ የህክምና ፋይሉን ስጠይቅ የቦነስ ገጹንም አብሬ እጠይቃለሁ። ደሞዙን ማወቅ አልፈልግም፣ እሱ የሚስቱና የኤጀንቱ ጉዳይ ነው፣ ለምን ደህና ነኝ እንደሚለኝ ግን ማወቅ አለብኝ። በደቂቃ የሚከፈለው፣ በጨዋታ የሚከፈለው፣ ኮንትራቱ ዘንድሮ የሚያልቅበት፣ እያንዳንዱ የሚደብቀው ጉዳትና የሚደብቅበት ወቅት ይለያያል፣ ኮንትራቱ የሚያልቅበት ልጅ ማርች ላይ ቁርጭምጭሚቴን ካለኝ አንገቴን እሰጣለሁ።

አሁን ችግሩ ወሬው ወጣ። በቀጣዩ ሲዝን ለፊርማ የመጡ ኤጀንቶች በሙሉ ያቺን አንድ ገጽ ካላስገባችሁ አሉ፣ ማናጀሩም ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር "አንተ ፊዚዮ ነህ ወይስ ጠበቃ?" ይሉኛል።